ለማትሪክ የተሰነቀው ኪኒን

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ሰዎቹን በየስማቸው ላስተዋውቅ።

ሕሊና ልጄ ናት፤ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። አስካለ የሕሊና እናት፣ የእኔ ባለቤት ናት። ሙሉነሽ ታናሽ እህቴ ናት፤ ግራና ውስጥ ባሏ ትቶላት የሞተውን መሬት በእኩል እያሳረሰች ትኖራለች። ትዕግስት የሙሉነሽ አንድዬ ልጅ ናት፤ መርሳ እኛ ቤት ተቀምጣ ነው የተማረችው። እኔ ሞላ እባላለሁ፤ መርሳ ላይ ወፍጮ ቤት አለኝ።

ከትምህርት ቤት የወጣሁት በልጅነቴ ነው። የቀረውን ራሴ ለራሴ አስተምሬዋለሁ። ሞተር የተማርኩት ፈትቼ በመግጠም ነው። ማንበብን ያጠናከርኩት ደግሞ የዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ሳይቀር ያገኘሁትን ሁሉ በማንበብ ነው። በዚህ እኮራለሁ። ሰው ሲሳሳት ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። እህል ሊያስፈጩ የሚመጡ ሴቶች፣ «ጋሽ ሞላ ዘንድ ዱቄትና ተግሣጽ አብሮ ይሰፈራል» ይሉኛል። ቤቴም ውስጥ እንዲሁ ነበርኩ። ድምፄን ሲሰማ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ያንን ጸጥታ እኔ እንደ መታዘዝ ነበር የምቆጥረው።

ሕሊና ከትንሽነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ላይ መርጋት አትችልም ነበር። ውኃ ቅጂ ብለው ይልኳታል፤ ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር ትታ የጎረቤት ጥጃ ተከትላ ትሄዳለች። የደብተሯ ገጽ ተሞልቶ አያውቅም። መምህሯ «ሰነፍ» አለ፤ ጎረቤት «ዓይን በልቷት ነው» አለ፤ እኔም ብዙ ጊዜ መታኋት። ጠበል ወሰድናት። በመጨረሻ መርሳ ጤና ጣቢያ ያለች አንዲት ነርስ ደሴ ሄደን የአእምሮ ሐኪም እንድናይ መከረችን።

ደሴ ያገኘናት ሐኪም ልጅቷን ብዙ አጫወተቻት፤ እኛንም ጠየቀችን፤ ከመምህሯም ወረቀት አስመጣች። ከዚያ በኋላ ሕሊና ሰነፍም ባለጌም እንዳልሆነች፣ ትኩረት የማጣት ሕመም እንዳለባት ነገረችን። ሜቲልፌኒዴት የሚባል መድኃኒት አዘዘችላት። ከማዘዟ በፊት ግን የጠየቀችኝን ጥያቄ ዛሬም እሰማዋለሁ።

«ሕሊና ስትሮጥ ራሷን ስታ ወድቃ ታውቃለች? ደረቷን ይወጋታል? በቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም ያለበት ወይም በድንገት የሞተ ሰው አለ?»

«የለም። ግን ለምን ይጠይቁኛል?»

«ይህ መድኃኒት ልብን ፈጠን ያደርጋል። ጤነኛ ልብ ይችለዋል። የታመመ ልብ ግን ላይችለው ይችላል። ስለዚህ ሳንጠይቅና ሳንመረምር አንሰጥም። አደራ፣ ለሌላ ሰው አንዲትም እንዳይሰጡ። የእሷ መድኃኒት የእሷ ብቻ ነው።»

ጠዋት ቁርስ ከበላች በኋላ እንድትወስድ፣ ወደ ማታ ከወሰደችው እንቅልፍ እንደሚነሣት፣ የምግብ ፍላጎቷ ሊቀንስ ስለሚችል ክብደቷና የደም ግፊቷ በየጊዜው እንዲታይ ነገረችን። ያለችውን ሁሉ አደረግሁ። ኪኒኑን በሣጥን ቆለፍኩበት። ጠዋት ጠዋት በእጄ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ ውኃ ስትጠጣ ጉሮሮዋን አያለሁ።

መድኃኒቱ ሠራ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ልጄ የጀመረችውን ዐረፍተ ነገር ስትጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። በዓመቱ መጨረሻ፣ ገና ስድስተኛ ክፍል ሳለች፣ ከክፍሏ ከመጨረሻዎቹ ወጥታ መሐል ገባች።

የተሳሳትነው በስሙ ላይ ነው። አስካለ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ አለችኝ፦

«ሰው ምንድን ነው የምትውጠው ቢለኝ ምን ልበል? የአእምሮ ነው ካልኩ እኮ እብድ ናት ማለት ነው። ነገ ማን ያገባታል?»

«የትምህርት ኪኒን ነው በይ» አልኳት።

እንደ ብልሃት ነበር የቆጠርኩት። ለጎረቤት «የትምህርት ኪኒን» አልን፤ ለዘመድ «የትምህርት ኪኒን» አልን። ሕሊናም ራሷ በዚያው ስም አወቀችው። ውጤቷ ሲሻሻል ስሙ ገነነ። ወፍጮ ቤት የሚመጡ እናቶች፣ «ጋሽ ሞላ፣ ከዚያች ኪኒን ለኛም ልጅ ጣል ያድርጉልን እንጂ» ይሉኝ ጀመር። እኔም «መድኃኒት በርበሬ አይደለም፣ ከጎረቤት አይበደሩትም» ብዬ እገሥጻቸው ነበር። ግን ምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

ትዕግስት ይህን ሁሉ ትሰማለች።

ትዕግስት ጎበዝ ናት፤ ግን ጉብዝናዋ በትግል የተገኘ ነው። አንድ ገጽ ለመያዝ ሌላው ሁለት ጊዜ ሲያነብ እሷ አምስት ጊዜ ታነባለች። ማትሪክ አልፋ ጤና መማር ነው ሐሳቧ። ሙሉነሽም ተስፋዋ ይኸው ብቻ ነበር። ልጅቷ አቀበት ስትወጣ ይደክማታል፤ ውኃ ይዛ ስትመለስ መንገድ ላይ ቆማ ታለከልካለች። እኔም «መቀመጥ ያበዛ ሰው ጉልበት የለውም፤ ተነሺና ሥሪ» እላት ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው አድረው ነው የሚፈተኑት። ስልክ አይገባም፤ ወላጅ አይገባም። የመርሳ ተማሪዎች ቅዳሜ ወደ ወልድያ ሊሄዱ ስለሆነ ዋዜማውን ቤታችን ሰርግ ያለበት መሰለ። በእኛ አገር መንገደኛ ባዶውን አይሸኝም፤ በቤቱ ያለ ሁሉ ከስንቁ ላይ እጁን ማኖር አለበት። አስካለ በሶና ቆሎ አዘጋጀች፤ የሰኔ ጾም ስለሆነ ቅቤ የነካው ነገር የለም። ሙሉነሽ ከግራና መጥታ እምነትና ጠበል አመጣች። እኔ እስክሪብቶ ገዛሁና ምክር ጨመርኩበት።

«ምክሩ ከሻንጣው ይከብዳል» አለች ሙሉነሽ። ሁላችንም ሳቅን።

«አንቺስ ሕሊና፣ ምን ሰነቅሽላት?» አለች አስካለ።

«ሰንቄያለሁ። አይነገርም» አለች ሕሊና፤ ትዕግስትን አየቻትና ሁለቱም አቀረቀሩ። የልጆች ጨዋታ ነው ብለን ተውነው።

ሰኞ ጠዋት፣ ፈተናው በተጀመረበት ቀን፣ ሕሊና ወፍጮ ቤት ቁርሴን ይዛ መጣች። ሞተሩ እየሠራ ነበር። ሳህኑን ጆንያ ላይ አስቀምጣ ዱቄት መውረጃው ጋ ሄደች፤ እሱን ትታ ሚዛኑን ነካካች፤ ሚዛኑን ትታ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር ወደሚያገናኘው ችንጋ ተጠጋች። የአንገት ልብሷ ጫፍ ወደ ችንጋው ሲሄድ አየሁት። እንዴት እንደ ደረስኩ አላውቅም፤ ጎትቼ ጣልኳትና ሞተሩን አጠፋሁ።

ወፍጮ ሲቆም የሚመጣው ጸጥታ ከባድ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ልጄን አየኋት። መድኃኒት ሳትጀምር በፊት የነበረችው ሕሊና ናት። ነገሩ አዲስ እንዳልሆነም ታወቀኝ። ሰሞኑን በደንብ ትበላ ነበር፤ አስካለ «ተመስገን፣ ሆዷ ተከፈተ» ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሰሞኑን ስትታዘዝ ትረሳ ነበር፤ እኔ «ክረምቱ ሲመጣ ሰነፍሽ» ብዬ ተቆጥቻት ነበር።

«ኪኒኑን ዛሬ ውጠሻል?»

«ውጫለሁ።»

«ሕሊና፣ እዪኝ።»

አላየችኝም።

«በማርያም በዪ።»

ማልቀስ ጀመረች። «አልዋጥኩም አባዬ። ውኃውን ብቻ ነው የምጠጣው። ኪኒኑን በጣቶቼ መሐል እይዘዋለሁ።»

«የት ነው ያለው?»

«ለትዕግስት ሰጠኋት። ቆሎው ውስጥ ከተትንላት።»

«ስንት?»

«የሰበሰብኩትን ሁሉ። እሷ ናት የምትፈልገው። እኔ እኮ ሰባተኛ ነኝ፣ እሷ ማትሪክ ናት።»

«ማን ነው ስጪ ያለሽ? መድኃኒት ለሰው ይሰጣል?» እጄ ተነሥቶ ነበር።

«አንተ አይደለህ የትምህርት ኪኒን ነው ያልከው!»

እጄን መለስኩት።

እዚያው ዱቄቱ ላይ እንደቆምኩ የደሴዋ ሐኪም ጥያቄ መጣብኝ። ስትሮጥ ወድቃ ታውቃለች? የልብ ሕመምስ? ከዚያ ትዕግስት ጀሪካኗን አስቀምጣ ስታለከልክ ታየችኝ። ልጅ ሆና ጉልበቷ እያበጠ ጤና ጣቢያ ትመላለስ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ በየወሩ መርፌ ትወጋ ነበር፤ መቼ እንደቆመ ግን አላውቅም። ስልኬን አወጣሁና ግራና ደወልኩ።

«ሙሉ፣ የትዕግስት መርፌ የምን ነበር?»

«ምን አስታወሰህ አያ? የቁርጥማት ነዋ።»

«ለምን ቆመ?»

ስለ ዝናቡ ልታወራኝ ጀመረች።

«ሙሉነሽ!»

«ልጅቷ እየደረሰች መጣች። ያላገባች ልጅ በየጊዜው መርፌ ስትወጋ ሰው ምን ይላል? የወሊድ መከላከያ ትወጋለች ማለት ጀመሩ። ጉልበቷም ደኅና ሆኖ ነበር። ተውነው።»

«ሐኪሞቹ ስለ ልብ የተናገሩት ነገር ነበር?»

ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ «ልብ የሚል ቃል አንሥተው ነበር» አለች። «መርፌው ካልቀጠለ ልቧን ይነካል ብለው ነበር። ሳቆመው ላንተ ብነግርህ ትጮህብኛለህ ብዬ ዋጥ አደረግሁት። ለምን ትጠይቀኛለህ? ልጄ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም» አልኳት። ዋሸሁ። ወፍጮውን ሳልቆልፍ ወደ መንገድ ወጣሁ።

የተሳፈርኩበት የወልድያ ሚኒባስ ሲሪንቃ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወዲያ መኪና አያልፍም ተባለ። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ የለመድን ሰዎች ነን። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ጥላ ፈለገ። እኔ ከእርሻ ምርምር ማዕከሉ አጥር አጠገብ የቆመ ባጃጅ ሾፌር ጋ ሄድኩ። ሰይድ የሚባል ወጣት ነው።

«ወልድያ አድርሰኝ።»

«ዛሬ? ኧረ ጋሼ፣ ወላሂ ነፍሴ መለዋወጫ የላትም።»

«ልጅ ልትሞትብኝ ነው።»

አየኝ። ልብሴ፣ ፀጉሬ፣ ቅንድቤ ሁሉ ዱቄት እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው። «ልጅ ካሉማ ይግቡ» አለኝ። «ግን የሚያስቆመን ካለ አባቴ ነዎት፤ እናቴ ታማ ነው የምንሄደው።»

«እኔ ውሸት አልናገርም።»

«እኔ እዋሻለሁ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። ዝም ማለትስ ይችላሉ?»

ሁለት ቦታ አስቆሙን። ሰይድ ሁለቱንም ጊዜ ስለ እናቱ የፈጠራ ሕመም እንባ እየተናነቀው አወራ። እኔ ዝም አልኩ። በልቤ ግን «እንዳትውጪው፣ እንዳትውጪው» እያልኩ ነበር። ወልድያ መግቢያ ላይ ሲያወርደኝ «አብሽሩ ጋሼ፣ አላህ ይደርስላታል» አለኝ።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ጠባቂ በዕድሜ እኩያዬ ነው።

«ወላጅ አይገባም። ፈተናው ሲያልቅ ይምጡ።»

«አንዲት ተማሪ ኪኒን ይዛ ገብታለች። ልቧ ታማሚ ነው፤ ከዋጠችው ይገድላታል። ይንገሩልኝ ብቻ።»

«ኪኒን? ሁሉንም ፈትሸናል እኮ።»

«ቆሎ ውስጥ ነው ያለው።»

«እንግዲያ ቆሎውን አንድ በአንድ እየቆረጠምን እንፈትሽ?» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን አቆመ። «ስሟን ይንገሩኝ» አለና በእጁ ባለው ሬዲዮ ተናገረ። የሰው ድምፅ እየተቆራረጠ መለሰለት። ጠባቂው አንገቱን ደፋ።

«ጠዋት የእንግሊዝኛውን ጨርሳ ስትወጣ ወድቃለች። ሆስፒታል ወስደዋታል።»

ሆስፒታሉ ውስጥ ትዕግስትን ያገኘኋት አልጋ ላይ ተቀምጣ ነው። መተኛት አልቻለችም፤ ሲያስተኟት ትታፈናለች። አፍና አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አድርገውላታል። የአንገቷ ሥር ሲዘል ከበር ሆኜ አየሁት። የሚያክማት ዶክተር ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ዘመዷ ነዎት? የሆነ ነገር ወስዳለች፤ ምን እንደሆነ ግን አትነግረንም። ጓደኞቿም አንናገርም ብለዋል። ልቧን ማረጋጋት አቅቶናል።»

«ሜቲልፌኒዴት ነው» አልኩ። «የልጄ መድኃኒት ነው፤ ለእሷ አልታዘዘም። ስንት እንደዋጠች አላውቅም። ጾም ላይ ስለሆነች ባዶ ሆዷን ነው። ልጅ ሳለች ለቁርጥማት በየወሩ መርፌ ትወጋ ነበር፤ አቁማዋለች።»

ዶክተሩ የመጨረሻውን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሮ በፍጥነት ማዘዝ ጀመረ።

ወደ ትዕግስት ተጠጋሁ። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል መናገር አትችልም።

«አጎቴ… ሕሊናን… አይምቷት። እኔ ነኝ… የለመንኳት።»

«አልመታትም።»

«ቅዳሜ አንድ… ወሰድኩ። ነቃሁ። አልደከመኝም። ትናንት ጨመርኩ። ዛሬ ጠዋት… እጄ ሲንቀጠቀጥ… የፈራሁ መስሎኝ… ሌላ ጨመርኩ።»

«ለምን ለሐኪሞቹ አልነገርሽም?»

«ፈተናዬን… ይሰርዙብኛል። ነገ ሒሳብ ነው። ነገ… ይለቁኛል?»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። እውነት እናገራለሁ የሚለው ሰውዬ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደዋሸ እግዚአብሔር ያውቀዋል።

አመሻሽ ላይ ዶክተሩ ወደ ኮሪደር አወጣኝና እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ «ያ የልጅነት ሕመም ልቧ ውስጥ ያለውን አንዱን በር አጥብቦታል። በጠባብ በር ደም ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ልብ በዝግታ ሲመታ ጊዜ ያገኛል፤ ልብ ሲሮጥ ግን ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ሳንባ ይመለስና ሳንባው ውኃ ይይዛል።»

ገባኝ። ወፍጮ ላይ ጉሮሮው ከሚያሳልፈው በላይ እህል ከለቀቅህበት ይታነቃል፤ ሞተሩን ባፋጠንከው ቁጥር ይብሳል። ሕይወቴን በሙሉ የማውቀው ነገር ነው። ትዕግስት አጠገቤ ስታለከልክ ግን አላወቅሁትም።

«ኪኒኑን ባትወስድስ ኖሮ?»

«በሩ ጠባብ እንደሆነ ይቆይ ነበር። ምናልባት መርፌውን ብትቀጥል እስከዚህ አይደርስም ነበር። ምናልባት በጊዜ ታውቆ ይታከም ነበር። አሁን ግን ልቧ ብዙ ተጎድቷል።»

ሙሉነሽ መንገዱ በማግሥቱ ሲከፈት ደረሰች። ልጇን አየች፤ ሳመቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ጮኻ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም።

«አደራ ብዬ ነበር የሰጠሁህ አያ።»

«አውቃለሁ።»

«ያንተ ቤት ኪኒን ነው።»

«ያንቺስ መርፌ?» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ቃል ውጬ አላውቅም። ያን ቀን ዋጥኩት። እሷ ግን ያልኩትን ያህል ሰማችው መሰለኝ፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ትዕግስት አልሞተችም። ከብዙ ቀን በኋላ ልቧ ረጋ፤ ውኃው ከሳንባዋ ቀነሰ፤ ወደ ግራና ተመለሰች። የልቧ በር መቀየር ወይም መከፈት አለበት፤ ይህ ደግሞ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ስሟ ከወረፋ ገብቷል። ወረፋው መቼ እንደሚደርስ ስንጠይቅ «እንደውላለን» ነው መልሱ። የወሩን መርፌ እንደገና ጀምራለች፤ የተበላሸውን አያድንም፣ እንዳይብስ ነው። ማታ በትራስ ተደግፋ፣ ተቀምጣ ታድራለች። ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችውን ዳገት መውጣት አትችልም።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ መድኃኒቱን እንድትረግሙት አይደለም የጻፍኩት። ለልጄ የታዘዘው መድኃኒት ልጄን ጠቅሞ ነበር። በምርመራ የተሰጠ፣ በሰዓቱ የተወሰደ፣ ክትትል ያለው መድኃኒት ለባለቤቱ መልካም ነው። ያው ኪኒን ላልታዘዘለት ሰው ግን እውቀት አይጨምርለትም። ያላነበበውን ገጽ አያነብለትም። ድካሙን ይደብቅበታል እንጂ አያነሣለትም። ድካም ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውነት የሚልክብን መልእክት ነው፤ የትዕግስት ሰውነት ለዓመታት ይህን መልእክት ሲልክ እኔ «ስንፍና» ብዬ መለስኩት።

መድኃኒትን በስሙ ጥሩት። ልጃችሁ የምትወስደው ለምን እንደሆነ ለራሷ ንገሯት። ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ቢወስደው ምን እንደሚያደርገው በሚገባት ቋንቋ ንገሯት። እኔ ሣጥኑን ቆልፌ ነበር፤ ቁልፉም ከኪሴ አይወጣም ነበር። ልጄን ግን ምንም አላስረዳኋትም፤ እንድትታዘዝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ሲውጡ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ዋጥን ሲሉን የምናምነው ልጆቻችን እኛን የማይፈሩ ሲሆኑ ነው። ሙሉነሽ መርፌውን ስታቆም ያልነገረችኝ ቁጣዬን ፈርታ ነው። ሕሊና ኪኒኑን የደበቀችው ቁጣዬን ፈርታ ነው። ትዕግስት አቀበት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት ደፍራ ያልነገረችኝ ቁጣዬን ፈርታ ነው። በቤቱ ሁሉን አውቃለሁ የምለው እኔ፣ ሁሉንም የሰማሁት ከሰው ሁሉ በኋላ ነበር።

ዛሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ። ጠቀመ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እስካሁን ያየሁት ጥቅም የለም። አንዴ የፈራ ሰው በዝግታ በመናገር ቶሎ አይመለስም።

ደሴ ያለችው ሐኪም መድኃኒቱን እንደገና እንጀምር ብላ ነበር። ሕሊና እምቢ አለች። «ትዕግስትን የጎዳ ነገር አፌ አይገባም» አለች። ሐኪሟም ብናስገድዳት እንደሚብስ ነገረችን። እንጠብቃለን።

ሁላችንንም ያስከፈለን ይህ ነው። ሙሉነሽ በእርጅናዋ የምትደገፍበትን ተስፋ ከፍላለች፤ ቤቴንም አትረግጥም። አስካለ ከጎረቤት ልትሰውር የደከመችለትን ስም ከፍላለች፤ አሁን ሕሊናን «ኪኒን አዳይዋ» የማይላት የለም። ሕሊና ትምህርቷን ከፍላለች፤ ሰባተኛን ደግማ ተቀምጣለች፤ ደብተሯም ተመልሶ ባዶ ሆኗል። እኔ እህት ከፍያለሁ፤ በሰው ፊት ቆሜ የምገሥጽበትንም አፍ ከፍያለሁ። የትዕግስትን ግን ከድምሩ ላይ አላስገባሁትም። እሷ ገና እየከፈለች ነው።